ዶማ ተሸክመው የመጡት መርዶ ነጋሪ

አያ ይመር ማረፋቸውን የሰማሁት ደብረ ታቦር መናኸሪያ ውስጥ አውቶብስ ስጠብቅ ነው። ከጋይንት የመጣ አንድ የማውቀው ሰው ሰላም አለኝና ስለ ዝናቡ፣ ስለ መንገዱ መበላሸት፣ ስለ ጤፉ መወደድ ሲያወራኝ ቆይቶ በመሀል «አያ ይመርም እኮ አረፉ» አለኝ።

«መቼ?» አልሁት።

«ካረፉማ ከረሙ! አልሰማሽም እንዴ?» አለና መቀመጫ እንዳያመልጠው ሮጠ።

እንባዬ ከመምጣቱ በፊት ንዴቴ መጣ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ለሰው መርዶ ሲነግሩ የኖሩ ሰው፣ የእሳቸው መርዶ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ ይነገራል? እሳቸው ቢሆኑ ኖሮ እንዲህ አያደርጉኝም ነበር። መጀመሪያ እህል መቅመሴን ይጠይቁ ነበር። ከዚያ ከግርግሩ ያወጡኝና ያስቀምጡኝ ነበር፤ እሳቸውም መሬት ላይ ቁጭ ይሉ ነበር። ይህን ስለማውቅ መናኸሪያው አጥር ሥር ሄጄ ተቀመጥሁና መርዶውን ራሴው ለራሴ በወጉ ነገርሁት። ሰው አየኝ አላየኝ ሳልል አለቀስሁ። አንዲት ቆሎ ሻጭ ጎንበስ ብላ «እማማ፣ ሰረቁዎት?» አለችኝ። «አዎ» አልኋት። ምን ልበላት?

አያ ይመር የእኛ መንደር ሰው ናቸው። መንደራችን ከአርብ ገበያ ወጣ ብሎ ገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠ ነው። ገበሬ ነበሩ፤ ጥሩ ገበሬ ነበሩ ብል ግን እዋሻለሁ። ማሳቸውን አረም ይውጠዋል፣ በሬያቸው የሰው አዝመራ ይገባል፣ ሚስታቸው ስታማርር ትውላለች፤ እሳቸው ሁልጊዜ የሰው መንገድ ላይ ናቸውና። ልጅ ወታደር ሄዶ ሲቀር፣ እህት በሰው አገር ተድራ በወሊድ ስትሞት፣ ዘመድ ይሰበሰብና «ማን ያርዳ?» ይባላል። ያን ጊዜ ሁሉም መሬት መሬት ያያል። ከዚያ አንዱ ቀስ ብሎ «አያ ይመር ይጠሩ» ይላል። ሹመት የላቸውም። የጃንሆይ መንግሥት ጭቃ ሹምም አጥቢያ ዳኛም ሾሞልን ነበር፤ መርዶ ነጋሪ መሾም ግን አላሰበም።

እንዲህ ያለ ሥራ ያለው ሰው በሰላም መንገድ መሄድ አይችልም። በማለዳ አያ ይመር በአንድ ደጅ ብቅ ካሉ የቤቱ ሰው ልቡ ቀጥ ይላል። አንድ ጊዜ እሳት ሊጭሩ ጎረቤት ቢሄዱ፣ ልጇ ወታደር የነበረ አንዲት ሴት ገና ከሩቅ ስታያቸው እሪ ብላ ተዘረረች። «ኧረ እሳት ልጭር ነው የመጣሁ፣ እሳት!» ቢሉ ማን ይስማቸው። መንደሩ ሁሉ ለቅሶ ሊደርስ ተሰብስቦ፣ ነገሩ ሲጣራ ግማሹ ሳቀ፣ ግማሹ ተቆጣ። ከዚያ ወዲያ ዘዴ አበጁ። ለመርዶ ሲሄዱ ባዶ እጃቸውን ነው፤ ለሌላ ለማንኛውም ጉዳይ ሲሄዱ ዶማ ትከሻቸው ላይ ነው። አያ ይመር ዶማ ከያዙ ሰላም ነው ማለት ነው። ገበያ በዶማ፣ ቤተ ክርስቲያን በዶማ፣ ሰርግም ሳይቀር በዶማ። አንድ ሰርግ ላይ ዶማቸውን ከዳሱ ምሰሶ አስደግፈው ሲቀመጡ፣ የማያውቃቸው የሙሽራው ወገን «ሰውየው ዳሱን ሊቆፍሩት ነው ወይ?» ብሎ አስቆናል።

አነጋገራቸውም የራሳቸው ነበር። በአገራችን መርዶ ሲነገር መጀመሪያ «ትንሽ አሞት ነበር» ይባላል። ቀጥሎ «ጠንቶበታል» ይባላል። ከዚያ በኋላ ያለውን ሐዘንተኛው ራሱ ይጨርሰዋል። አያ ይመር ይህን አይወዱም፤ «በዶለዶመ ቢላ መቁረጥ ነው» ይሉታል። እሳቸው ከዋዜማው ሐዘንተኛው እራት መብላቱን በጎረቤት ያስጠይቃሉ። ጎሕ ሲቀድ ይገባሉ፣ ፊት ለፊቱ መሬት ላይ ይቀመጣሉ፣ የእጁን አንጓ ጥብቅ አድርገው ይይዛሉ። የሟቹን ስም ከነአባቱ ይጠሩና «ሞቷል» ይላሉ። በቃ። ከዚያ በኋላ አንድም ቃል አይወጣቸውም። ማጽናናት የሌላ ሰው ሥራ ነው። አንድ ሐዘንተኛ እጃቸውን በጥርሱ ነክሷቸው፣ እሳቸው ሳይለቁት ደሙ ሲወርድ ያየ ሰው አለ።

ለምን ይህን ነገር እንደያዙ አድጌ ጠይቄያቸው ነበር። ጎረምሳ ሳሉ ለሥራ ወደ ወሎ ወርደው ከርመው ሲመለሱ ለአባታቸው ጋቢ ይዘው መጡ። መንደር ሲደርሱ ያገኛቸው ሁሉ አገላብጦ ሳማቸው። «አባቴስ?» ሲሉ «ቤት ግባ፣ ደኅና ነው» ይሏቸዋል። ጋቢውን እንደታቀፉ ቤት ቢገቡ መደቡ ባዶ ነው። አባትየው ከተቀበሩ ቆይተዋል።

«የሞተ ሰው ጋቢ ተሸክሜ እየዘፈንሁ መንደር አቋረጥሁ» አሉኝ። «ሰው ሁሉ ያውቃል፤ እኔ ብቻ እዘፍናለሁ። ሞቱንስ እግዜር ነው ያመጣው። ያን ዘፈን ግን ሰው ነው ያዘፈነኝ።»

አሁን ወደ ተስቦው ልምጣ። እኔ አያ ይመርን የማልረሳቸው በተስቦው ነው።

ተስቦው የገባው በክረምት ነው። ቆላ ለሥራ ወርደው የተመለሱ ሰዎች ይዘውት መጡ ተባለ፤ ገበያው አመጣው ያለም አለ። ሽማግሌዎች ሾላው ሥር ተሰብስበው ሕግ አወጡ። በሽተኛ ያለበት ቤት ደጃፉ ላይ እሾህ ይጣላል፤ እህሉ ከአጥር ውጭ ድንጋይ ላይ ይቀመጥለታል። ገበያ መሄድ ቀረ። ለቅሶም ቀረ። ሬሳ በጥቂት ሰው፣ ያለ እሪታ፣ ያለ ሙሾ ይቀበራል፤ ለቅሶ ሰው ይሰበስባልና። ሕጉ ልክ ነበር፤ ዛሬም ልክ ነበር ነው የምል።

ለእኛ ለኮረዶቹና ለጎረምሶቹ ግን ያ ክረምት ሌላ ነበር። ቡሄ አልተጨፈረም። ዓመቱ ሲለወጥ አበባ ይዞ የዞረ ልጅ የለም። እኔ ቤት ተቀምጬ ግንባሬን ስዳስስ እውላለሁ። ሲያልበኝ ያዘኝ እላለሁ፤ ሲበርደኝም ያዘኝ እላለሁ። እናቴ ካላየችኝ ምላሴን አውጥቼ በእንስራ ውኃ ላይ አየዋለሁ። ምን እንደምፈልግበት እኔም አላውቅም። ከሩቅ ውሻ ካላዘነ የማን ቤት ይሆን እያልሁ የማውቀውን ልጅ ሁሉ በሐሳቤ እቀብራለሁ። የጎረቤታችን ልጅ፣ ትልቅ ወጠምሻ፣ ያለ ምክንያት ከአባቱ ጋር ተጣልቶ በረት ውስጥ ከላሞቹ ጋር ማደር ጀመረ። ትልልቆቹ ይህን ሲያዩ «የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ» ይሉና ያልፉታል። በእርግጥ እነሱም የሚቀብሩት ነበራቸው።

አያ ይመር በልጅነታቸው ተስቦ ይዟቸው የዳኑ ናቸው። «እኔን ቀምሶ ትቶኛል» ይሉና እሾህ ወደ ተጣለበት ቤት ሁሉ እህል ያመላልሳሉ። ድንጋዩ ላይ ካስቀመጡ በኋላ ቶሎ አይሄዱም። አጥር ማዶ ቆመው «ልጆቹ የታሉ? እስቲ ድምፃቸውን አሰሙኝ» ይላሉ። «ሕፃን ቤት ቢዘጉበት ይጫወታል» ይሉ ነበር፤ «ሽማግሌ ቢዘጉበት ይተኛል። ኮረዳና ጎረምሳ ቢዘጉበት ግን ያስባል። ሐሳብ ደግሞ ብቻውን ከዋለ ክፉ ነው።» እናቴ ይህን ስትሰማ «አያ ይመር ደግሞ ሥራ ፈቱ» ብላ ትስቅ ነበር።

የሺ የአክስቴ የብርቄ ልጅ ናት። ከእኔ በትንሽ ብትበልጥ ነው። አባቷ ቀድሞ ሞቷል፤ ታናሽ ወንድሟ በሽታው ሲመጣ ወደ አባቱ ዘመዶች ተልኮ ነበር። የሺ ሳቂታ፣ ሰው የምትወድ፣ ቤት የማይዛት ልጅ ናት። ቤታቸው ጨው አለቀ። አክስቴ «አልጫ እንበላለን፣ አንሞትም» ስትላት፣ እሷ በጓሮ ሾልካ አርብ ገበያ ሄደች። ከጨው ይልቅ ሰው ለማየት እንደ ሄደች እኔ አውቃለሁ፤ በእሷ ቦታ ብሆን እኔም እሄድ ነበር። ጨውን ይዛ ተመለሰች። ብዙ ሳትቆይ ትኩሳት ጣላት። ራሷን ስታ ስትቃዥ አክስቴ ከጎኗ ሳትለይ አስታመመቻት። የሺ አልቧት ትኩሳቱ ሲለቃት አክስቴ ወደቀች። እናቴ የሺን ወደ እኛ ቤት አምጥታ አስተኛችና ወደ እህቷ ተመለሰች፤ በእኛም ደጅ እሾህ ተጣለ። አክስቴ አልተነሣችም። ነፍሷ ሳይወጣ የእናቴን እጅ ይዛ «ልጄ ሳትድን፣ ሥጋ ሳትይዝ እንዳትነግሪያት። አደራ» አለቻት። ከተስቦ የተነሣ ሰው መርዶ ከሰማ ትኩሳቱ ያገረሽበታል ይባል ነበርና።

እናቴ እኔን በማርያም አስማለችኝ። የሺ ነፍስ ስትዘራ «እናቴስ?» አለች።

«እስቴ ጠበል ወርዳለች። ስታስታምምሽ ደከማትና ትጠመቅ ብለን ነው» አለቻት እናቴ፣ ፈገግ ብላ።

ከደብረ ታቦር በበቅሎ የመጣ አንድ ድሬሰር፣ የሐኪም ረዳት መሆኑ ነው፣ «ይህ በሽታ በቅማል ነው የሚሄድ፤ የበሽተኛ ልብስ ቀቅሉ» ብሎ ነበር። ስለዚህ እናቴ የሟችን ልብስ ሁሉ በትልቅ ድስት ቀቅላ አጥር ላይ አሰጣችው። የሺ መጀመሪያ ቆማ የሄደች ለት እኔ ደግፌያት ወደ ደጅ ወጣን። አጥሩ ላይ የእናቷ መቀነት ተሰቅሏል። ጠበል የሚወርድ ሰው ያለ መቀነት አይሄድም። የሺ መቀነቱን አየችው፤ እኔም ስታየው አየኋት። ተንበርክካ ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅሁ። «በርዶኛል፣ እንግባ» አለችኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆነ። እናቴ «ዛሬ ከእስቴ የመጣ መንገደኛ አይቷታል፤ ወዟ ተመልሷል አለ» ትላታለች። የሺ «ተመስገን» ትላለች። እናቴ «ለመስቀል ትደርሳለች» ትላለች። የሺ «እግዜር ያድርስልን» ትላለች። ሁለቱም ፈገግ ይላሉ። የሺ ሥጋ አልያዘችም። ጭራሽ መነመነች። ፀጉሯን አታስነካም። ጨው የገባበት ምግብ ሲቀርብላት ወደ ጎን ትላለች፤ ጨው የሌለው ቂጣ ካገኘች ትንሽ ትቆርሳለች። ከሰዓት በኋላ ጓሮ ትዞርና ገደሉ አፋፍ ላይ እግሯን አንጠልጥላ ትቀመጣለች። እናቴ አብረሻት ዋይ ብላ ታዘኛለች፤ እኔም ጭራሮ ለቀማ አስመስዬ እከተላታለሁ።

«ምን ታያለሽ?» እላታለሁ።

«ወንዙን» ትለኛለች።

ወንዙ በጭጋግ ተሸፍኖ አይታይም ነበር። እጇን ልይዛት ስጠጋ ትነሣለች። ማታ ማታ በተኛችበት ትንፋሿን አዳምጣለሁ፤ ነገ ይህች ልጅ አትኖርም እላለሁ። ከተስቦው ይልቅ ያን ፈራሁ።

ጎረቤቶች ከየአጥራቸው ሆነው ተማከሩ። «ተስቦው ራሷ ላይ ወጥቷል» ያለ አለ። «ዛር ነው፤ ጨው የሚጠላ ዛር አለ» ያለችም አለች። የዛሩ ነገር ተደማጭነት አገኘ። እናቴ እሾሁ ሲነሣ ጠበል ልትወስዳት ቆረጠች። አያ ይመር ይህን የሰሙት እህል ሊያደርሱልን መጥተው ከአጥር ማዶ ቆመው ነው።

«ጨው ነው ያልሽኝ?» አሏት እናቴን።

«ጨው፣ አያ። በዓይኔ አታሳዩኝ አለች።»

አያ ይመር አጥሩን ቃኙት። መቀነቱ እስካሁን እዚያው ነው፤ እናቴ ልጅቱ ታየዋለች ብላ አላሰበችም። «ዘርፌ፣ ይህች ልጅ ታውቃለች» አሏት።

«አታውቅም! በምን ታውቃለች?»

«ታውቃለች። ሰው በሞት አይታመምም፣ በመጠርጠር ነው የሚታመም። እንንገራት።»

እናቴ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ስትቆጣ እንዲያ ነው የምታደርግ። «አደራ አለብኝ፣ አያ። የሞተ ሰው አደራ። ትኩሳቱ ቢያገረሽባትስ? ደሟ በማን ላይ ነው?»

«በእኔ።»

«በእርስዎ አይሆንም። ነገ ብርቄን የማገኛት እኔ ነኝ። ምን ልበላት? ይሂዱልኝ፣ እባክዎ።»

አያ ይመር ሄዱ። ግን በቀጥታ አልሄዱም፤ በጓሮ ዞረው የሺ የምትቀመጥበትን ቦታ አዩ። ክረምት ስለሆነ ሣሩ በየቦታው ጉልበት ይደርሳል፤ አፋፉ ላይ ግን የተቀመጠችበት ሁሉ ተልጦ ጭቃ ወጥቷል። ወደ ጫፉ በተጠጋ ቁጥር ልጡ አዲስ ነው፤ በየቀኑ ወደ ገደሉ ስትጠጋ ኖራለች ማለት ነው። ቆመው ብዙ አዩት።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ዶማ ተሸክመው መጡ። እናቴ ዶማውን ስታይ ፊቷ ተፈታ፤ የትናንቱን ነገር የተዉት መሰላት። «ጎርፉ አጥራችሁን እየበላው ነው፤ በጓሮ ቦይ ልቅደድላችሁ» አሏት። መረቀቻቸው። እኔ ጭራሮዬን ይዤ ጓሮ ነበርሁ። የሺ አፋፉ ላይ ናት። አያ ይመር ዶማውን ጣሉና አልፈዋት ሄደው በእሷና በገደሉ መካከል፣ ጭቃው ላይ ቁጭ አሉ። ጀርባቸው ለገደሉ ነው።

«የሺ ልጄ» አሉ። «ዶማው ውሸት ነው። ለመርዶ ነው የመጣሁ።»

አንጓዋን ያዙ።

«ግን የሚያውቅን ሰው ማርዳት አይቻልም። ስለዚህ አንቺ ንገሪኝ።»

«እናቴ» አለች። «እናቴ ብርቄ ሞታለች።»

«መቼ አወቅሽ?»

«መቀነቷን ያየሁ ለት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«እነሱስ ለምን ዝም አሉ?» ብላ ጮኸችባቸው። ያን ያህል ድምፅ ከዚያ ሰውነት ይወጣል ብዬ አላሰብሁም። «እንደ ገደልኋት ስለሚያውቁ ነዋ! ፊቴ ላይ መናገር አፍረው ነው። አክስቴ ዘርፌ ስታየኝ ዓይኗን ትሰብራለች። እንዳትሄጂ እየተባልሁ ገበያ የሄድሁ እኔ፣ በሽታውን ከጨው ጋር ተሸክሜ ያመጣሁ እኔ። ምን ብለው ይንገሩኝ?»

እጄ ላይ የነበረው ጭራሮ ወደቀ። እኛ እንዳይከፋት ብለን ያልነው ሁሉ፣ ጠበሉ፣ መንገደኛው፣ ፈገግታው፣ ለእሷ ፍርድ ሆኖ ነበር የደረሳት። እናቴ ዓይኗን የምትሰብረው እንባዋ እንዳይታይባት ነበር።

አያ ይመር «የእግዜር ሥራ ነው» ይሏታል ብዬ ነበር፤ ሰው ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነውና። አላሉም።

«ገበያ ሄደሻል» አሏት። «እሱን አልፍቅልሽም። በሽታው ከዚያ መጥቶ ይሆናል፤ ከሌላም መጥቶ ይሆናል፤ የሚያውቅ የለም። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን አንቺ አታውቂም፣ ራስሽን ስተሽ ነበር። እኔ ልንገርሽ። እናትሽ ገና ደኅና ሳለች አጥራችሁ ጋ ሄድሁ። ‹ብርቄ፣ ልጅቱን ለእኔ ተዪልኝ። እኔን በሽታው ያውቀኛል፣ አስታምማታለሁ። አንቺ ውጪ፣ ወንድ ልጅሽም አለ› አልኋት። ምን ያደረገችኝ ይመስልሻል?»

የሺ ቀና ብላ አየቻቸው።

«ድንጋይ ወረወረችብኝ» አሉና በነፃ እጃቸው የራሳቸውን ጥምጥም ገለጥ አደረጉ። ከጆሯቸው በላይ ሊሽር የተቃረበ ቁስል አለ። «ሁለተኛውን ስታነሣ ሮጥሁ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ!»

የሺ አንድ ድምፅ አወጣች፤ ሳቅ ይሁን ልቅሶ አልለየሁትም።

«እናትሽ በሽታውን አውቃ፣ መውጫ ተከፍቶላት፣ አልወጣም ያለች ሴት ናት። ‹እኔ ገደልኋት› ስትዪ ይህን ከእጇ ትነጥቂያታለሽ። የራሷን ነገር ለራሷ ተዪላት። አንቺ የጨውን ያዢ። እሱ የአንቺ ነው፤ ታድጊበታለሽ እንጂ አይገድልሽም።»

ያን ጊዜ አለቀሰች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባል የለ፤ እንደዚያ ነበር። ጭቃው ላይ ተደፋች፣ አያ ይመር አንጓዋን ሳይለቁ ወደ ጓሮው እየሳቡ ከአፋፉ አራቋት። እናቴ እሪታውን ሰምታ እየሮጠች መጣች። አንዴ እሷን፣ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ የወደቀውን ዶማ አየች።

«ዶማ ይዘው!» አለች። «ዶማ ይዘው ገብተው! አደራዬን በሉት!»

«በላሁት፣ ዘርፌ» አሉ አያ ይመር። ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ከቤታችን በላይ ወዳለው ጉብታ ወጡ። በሚችሉት ሁሉ ድምፅ ተጣሩ፦

«የመንደር ሰው! ብርቄ ሞታ ሳናለቅስላት ቀርተናል! ልጇ ዛሬ ተረድታለች! በያላችሁበት አልቅሱ፣ ከደጃችሁ ፈቀቅ እንዳትሉ!»

ከዚያ ከታችኛው ቤት አንዲት ሴት ጀመረች። ከማዶው ሌላዋ ተቀበለቻት። ሰው በየአጥሩ ወጣ፤ ማንም ከደጁ አላለፈ። ሴቶች ከአጥር ወደ አጥር ሙሾ ተቀባበሉ፣ ወንዶች ደረታቸውን መቱ። አያ ይመር ከጉብታው ላይ የመጀመሪያዋን ግጥም ሰጧቸው፦

«ውጪ ቢሏት እንቢ አልወጣም አለች፣
ልጇን ታቅፋ እዚያው ቀረች።»

በረት ያድር የነበረው የጎረቤታችን ወጠምሻ አጥሩን ይዞ እንደ ሕፃን ሲንሰቀሰቅ አየሁት። ብርቄን እንኳ ብዙ አያውቃትም። እኔም ለአክስቴ ብቻ አላለቀስሁም፤ ለምን እንደሆነ ለማላውቀው ነገር ሁሉ አለቀስሁ።

የሺ ትኩሳቷ አላገረሸም። ዛሬ ወገዳ ውስጥ የልጅ ልጅ ያየች ሴት ናት፤ እኔን ስታገኝ አሁንም ትስቅብኛለች። በዚያ ክረምት አያ ይመር በየተዘጋው ቤት እየዞሩ ሞት ለተደበቀባቸው ልጆች ሁሉ መርዶ ነገሩ። ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ አጉረመረሙ፤ በኋላ ግን የአጥር ለቅሶ ደንብ ሆነ። ቦዩንም በማግስቱ መጥተው ቆፈሩት፤ ለእናቴ የነገሯት ውሸት ሆኖ እንዳይቀር ነው መሰለኝ። አቆፋፈራቸው እንደ እርሻቸው ነበር። እናቴ ለብዙ ጊዜ ሰላምታ ብትሰጣቸውም ቀና ብላ አታያቸውም ነበር፤ ሲያልፍ አለፈ።

ያን ለት ግን፣ የመንደሩ ድምፅ ቀስ በቀስ እየቀነሰ ሲሄድ፣ እናቴ ጓሮው መሀል ቆማ ነበር። ወገቧን ታጥቃለች፣ ጥርሷን ነክሳለች፣ ዓይኗ ደረቅ ነው። አክስቴን ከቀበረች ጀምሮ አንድ ቀን ስታለቅስ አላየኋትም። ስትስቅ ነው ያየኋት። ወሬ ከእስቴ ስታመጣ፣ የእህቷን ወዝ ስትመልስ፣ ለመስቀል ትደርሳለች ስትል። አሁንም ሰው ሁሉ እያለቀሰ እሷ የሺን ትጠብቃለች፤ ብትወድቅ ልታነሣት፣ ትኩሳት ቢመጣ ልትይዛት።

የሺ ከተቀመጠችበት ተነሣች። ወደ እናቴ ሄዳ ፊት ለፊቷ ቆመች፣ እንባዋንም ሳትጠርግ ጉንጯን በሁለት እጇ ያዘቻት።

«አክስቴ» አለቻት። «ላንቺም እኮ እህትሽ ናት።»

እናቴ መጀመሪያ ያልገባት ትመስል ነበር። ከዚያ ወደ ፊት ዘመመች። «እህቴን!» ብላ ስትጮህ፣ ያቺ በአጥንቷ የቀረች ልጅ ሥሯ ገብታ ደግፋ ያዘቻት።